ጋሽ ገመዳ ያለ ጥሩምባ የከረሙበት ክረምት

የጋሽ ገመዳ ውሎ ከገንዘብ ይልቅ ትንፋሽ ያስወጣል። ጠዋት ቁራሽ ዳቦ በሻይ፣ ከሰዓት እፍኝ ቆሎ ይበቃቸዋል፤ የቀረው ወጪያቸው እግርና ሳንባ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ይጠብቁና ገና ሳይነጋ ወሎ ሰፈርን ከላይ እስከ ታች ያዳርሱታል። ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ የሟቹን ስምና የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያን ይለፍፋሉ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የሆኑት ልጃቸው ሳይወለድ ነው።

ጣጣው የመጣው በ1974 ግንቦት ላይ ነው። ያረፉት መካኒኩ አቶ ካሳዬ ነበሩ። ጋሽ ገመዳ ግን «ልብስ ሰፊው አያሌው አርፏል!» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ አያሌው ደጅ ሲደርሱ ሰውየው መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ብቅ አለ።

«ማነው የሞተው?»

«አንተ!» አለችው አንዷ ደንግጣ።

«ኧረ ቀበሌ ሳይፈቅድልኝ!»

አያሌው ሳቀ። የካሳዬ ሚስት ግን አልሳቀችም፤ ባሏ ያለ ለቀስተኛ ሊቀበር ጥቂት ነበር የቀረው። በሳምንቱ የእድሩ ዳኛ አቶ ሽፈራው መጥተው «ጋሽ ገመዳ፣ ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ» አሉና ጥሩምባውን ተቀበሏቸው።

የልጃቸው ሚስት የሺአረግ እውነት ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሥር አስቀምጣ፣ ውሃውንም ምሳውንም እጃቸው ድረስ እያመጣች ተንከባከበቻቸው። እሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ባሱ። በልተው እጃቸው ሳይደርቅ «ምሳ አልደረሰም?» ይላሉ። ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት ይባንናሉ። አንድ ቀን እሷኑ ትክ ብለው አይተው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

መስከረም ሲጠባ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ ጨው እንዲቀንሱ አዘዘችና «ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?» አለች።

«ያርፋሉ» አለች የሺአረግ።

«ከምኑ ነው የሚያርፉት? እግራቸው ደህና አይደል እንዴ? ይውጡ እንጂ፣ ከሰው ይጫወቱ።»

ሲመለሱ አውቶቡስ ስለጠፋ ከኦሎምፒያ በእግር መጡ። ወሎ ሰፈር ሲገቡ የሽማግሌው አንገት ቀና አለ።

«ሶሬቲ! ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ?» ትንሽ ራመድ አሉና ደግሞ «ገብረትንሣኤ፣ ይቺን አጥር ዛሬም አላቆምካትም? ሰነፍ!»

የሺአረግ ባለችበት ቆመች። የሰው ስም ሁሉ በየአጥሩ ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቃቸው የከረመ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ መስኮት ሥር መቀመጥ ቀረ። «አባባ፣ ወፍጮ ቤት ልሄድ ነው፣ ይከተሉኝ»፤ «አባባ፣ እነ ሶሬቲን ጠይቀውልኝ ይምጡ» እያለች ታስወጣቸው ጀመር። እንቅልፋቸው ተመለሰ። ስሟም ተመለሰ። ኅዳር ላይ አቶ ሽፈራው ዘንድ ሄዳ ጥሩምባውን እንዲመልሱላቸው ጠየቀች።

«ደግሞ ማንን ሊገድሉብን?»

«መጀመሪያ ሟቹ ቤት ይግቡ። ለቅሶውን በጆሯቸው ሰምተው፣ ስሙን ለቤተሰቡ መልሰው ይንገሩ። ከዚያ ይንፉ።»

አያሌው እዚያው ነበር። «እኔ እመሰክራለሁ፤ ከገደሉኝ ወዲህ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም» አለ።

አቶ ሽፈራው እየሳቁ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረዱ።

ጋሽ ገመዳ ኮፍያቸውን ያስቀመጡበትን ዛሬም ይረሳሉ፤ እሱ አልተሻላቸውም። የሟች ስም ግን ዳግም አልተሳሳቱም። ታሪካቸው ሊጻፍ ነው ሲባሉ ለአንባቢው አንድ ልመና ላኩ፦

«መንገድ ላይ ስታገኙኝ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ፣ ሰላም በሉኝ። ስማችሁ ከዘገየብኝም ቶሎ አትንገሩኝ። ትንሽ ቁሙልኝ፤ እየመጣ ነው።»