በካርቲየ 5 የተቀመጥነው ሽምግልና

ከአዳማ የተነሳሁት የወፍጮዬን ሞተር ከጅቡቲ ወደብ ለማንሳት ነው። ለትራንዚተር ብተወው መቼ እንደሚደርሰኝ ስለማይታወቅ ጎረቤቴ ጌታቸው በጭነት መኪናው አሳፈረኝ። ጌታቸው በዚህ መንገድ ሲመላለስ ፀጉሩ የሸበተ ሾፌር ነው። በሰፈራችን ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር ለሽምግልና የሚጠራውም እሱ ነው፤ እኔም አብሬው እቀመጣለሁ።

ከሚሌ ወዲያ

አዋሽን አልፈን ሚሌ አደርን። የፍየል ጥብስ በላን፤ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ነው፣ አስተናጋጁ ግን ደግ ሰው። ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ኬላ፣ ወረፋው ፀሐይ ላይ አሰጣን። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይና አቧራ ነው፤ ዛፍ አይቼ እንደሆነ እግዜር ይመስክር። ጅቡቲ ስንደርስ ሙቀቱ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጠርሙስ ውሃ የገዛሁበትን ዋጋ አልናገርም፤ ሚስቴ ይህን ታነበዋለች።

ካርቲየ 5

መኪናውን ከከተማው ውጪ አቁመን በታክሲ ካርቲየ 5 የሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ገባን፤ ጌታቸው የአገር ምግብ የሚበላበት ቤት እዚያ ነው። ባለቤቷን እትዬ ሮማን ይላታል። እኔ "እትዬ" የሚለውን ከዚህ በኋላ ትቼዋለሁ። ምስር ወጥ ያቀረበችልን ሴት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አነጋገሯ የወሎ ስለሆነ "አገርሽ የት ነው እህቴ?" አልኳት።

"መርሳ። ዘነበች እባላለሁ፤ እዚህ ግን በሌላ ስም ነው የሚጠሩኝ።"

ሮማን ስልክ ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ ዘነበች ሳህን የምታነሳ መስላ ጎንበስ አለች። ደላላ በቤት ሠራተኝነት ስም አምጥቶ ለሮማን እንደሸጣት፣ ጓሮ ባለው ክፍል ወንድ እንደሚያስገቡባት ነገረችን።

"ነገ ጠዋት ከዘበኛው ጋር ገበያ እወጣለሁ። እናንተ ካላችሁ አይነካኝም። ኤምባሲው በር ድረስ ብቻ አድርሱኝ፣ አባቶቼ። ለሷ ግን ምንም እንዳትነግሯት።"

ምሳውን ትተን ሂሳብ ከፈልን።

ስንወጣ ጌታቸው "ሰው ቤት በልቶ ሠራተኛ ማስኮብለል ነውር ነው" አለ። "ሮማን ያገራችን ልጅ ናት፤ ቁጭ ብለን እናነጋግራታለን።"

ልጅቷ እንዳትነግሯት ማለቷን አስታወስኩት። "ፈርታ ነው" አለኝ። እኔንም ልማዴ ጎተተኝና ተከተልኩት።

ሽምግልናው

ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጸጥ ሲል ተመለስን። ሮማን ብድግ ብላ ወንበር አቀረበችልን። ጌታቸው እንደ ደንቡ ቆሞ ጀመረ። ልጅቷ አጥፍታም ከሆነ ስለ ሽበታችን ብላ እንድትለቃት ለመናት። ምን አጠፋች? እኔም ይህን አልጠየቅሁም። ሮማን እንባዋን ጠረገች።

"እናንተን የመሰሉ ሰዎች ደጄ መጥተው እምቢ ልል ነው? እንደ ልጄ ነበር የያዝኳት" አለችና ዘነበችን ጠራቻት። "ነይ፣ ይቅርታ ጠይቂ።"

ዘነበች ጌታቸውን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ተንበርክካ የሮማንን ጉልበት ሳመች። ጌታቸው መረቀ። እኔ አሜን አልኩ፤ ያ አሜን ዛሬም አፌን ይመረኛል።

ሮማን "ዛሬ ልብሷን ትጠብ፤ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ውሰዷት" ብላ እስከ በሩ ሸኘችን። ጌታቸው መንገዱን ሙሉ "አላልኩህም?" ይለኝ ነበር።

ጠዋት ስንመጣ ያስተናገደችን ሌላ ልጅ ናት።

"ዘነበች? እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" አለች ሮማን፣ ፈገግ ብላ።

ኤምባሲ ሄደን አመለከትን። ፖሊሶች አብረውን ቤቱ ድረስ መጡ፤ ጓሮው ክፍል ውስጥ የተገኘው የሽንኩርት ጆንያ ነበር። ከከተማው ዳር ሃያብለ ወደሚባል ሰፈር ወስደዋታል ያለን አለ፤ ባሕር አሻግረዋታል ያለንም አለ።

መልስ

ሞተሩን ጭነን ተመለስን። ጌታቸው አዋሽ ላይ "ክፉ ሴት ናት" አለ።

"እሷማ ናት። እኛስ?" አልኩት።

አዳማ በገባሁ በሰሞኑ ጎረቤቶች ባሏን ጥላ እህቷ ቤት ለገባች ሴት ሽማግሌ ሁንልን ብለው መጡ። ባልየው ተስማምቷል፣ ቀኑም ተቆርጧል።

"እሷስ ምን አለች?" አልኳቸው።

ተያዩ። ማንም አልጠየቃትም። ጫማዬን አጥልቄ እህቷ ቤት ሄድኩና ጠየቅኋት። ዘነበችን ግን የት ሄጄ ልጠይቃት?