ሚስተር ሬይ ያልፈረሙት ፊርማ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ፣ እትዬ ብርቄ ኪችኑ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው ይፈርማሉ... የራሳቸውን ስም ግን አይደለም። የሽማግሌውን ነው።

እኔና እትዬ ብርቄ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ያለ ቤት ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ እናስታምማለን። እትዬ የሌሊቱን ሺፍት፣ እኔ የቀኑን። ሽማግሌው ሚስተር ሬይ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ቤዝቦል ተጫዋች ነበሩ። ዝነኛ የሚባሉ ባይሆኑም ፎቷቸው ያለበትን ካርድ እስከዛሬ የሚሰበስብ ሰው አለ።

ካርድ ስል የካርታ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ታሪኩ የታተመበት ትንሽ ካርቶን ነው። ዊልቸራቸውን እየገፋሁ ፌርፋክስ ላይ ስናዞር ታሪኩን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ያሳተሙት የሲጋራ ፋብሪካዎች ናቸው አሉኝ። ሲጋራው እንዳይጨማደድ ፓኮው ውስጥ ደረቅ ካርቶን ይገባ ነበር፣ እሱ ላይ የተጫዋች ፎቶ ሲያትሙበት ሰው ፎቶውን ፍለጋ ደጋግሞ ይገዛ ጀመር። ቀጥሎ ከረሜላ ሠሪዎቹ ያዙት፣ ከዚያ ማስቲካ ሠሪዎቹ። የሳቸው ካርድ የወጣው ከማስቲካ ጋር ነው። ማስቲካው ካርዱን እያቆሸሸ ሰብሳቢውን ሲያማርር ቆይቶ በኋላ ማስቲካው ቀረ፣ ካርዱ ብቻውን ይሸጥ ጀመር። አሁን ደግሞ የተጫዋች ማሊያ ቆራርጠው ካርዱ ውስጥ የሚከቱ አሉ።

«በኛ ፎቶ ሲጋራ ሸጡ፣ ከዚያ ማስቲካ ሸጡ። ሌላ የሚሸጡት ሲያጡ እኛኑ ይቆራርጡን ጀመር» ብለው ስቀው ነበር።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። እትዬ የሚፈርሙበት ወረቀት ስቲከር ነው። ለያንዳንዱ ፊርማ ሊከፍል አንድ ካርድ ካምፓኒ ነው የላከው። ሚስተር ሬይ ይፈርሙበታል፣ ከዚያ እየተላጠ አዲስ ካርድ ላይ ይለጠፋል። ችግሩ፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ማንኪያ እንኳን አይዝም።

ምን እየሠሩ እንደሆነ ስጠይቃቸው እትዬ ቀና አላሉም። ክሬግ፣ የሚስተር ሬይ የወንድም ልጅ፣ ፈርሚ ብሎኝ ነው አሉ። አገር ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ እጃቸው ይታዘዝላቸዋል። አጠገባቸው የድሮ ፊርማ አስቀምጠው እያዩ ቁጭ አድርገውታል።

«ወረቀት እኮ ነው ልጄ። ማንን ይጎዳል?»

ይሄን እያወራን ክሬግ ራሱ ገባ። የቀጠረን እሱ ነው። ዶክተሩ አጎቱ ብዙ ዕድሜ እንዳልቀራቸው እንደነገረው፣ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ፊርማው ይበልጥ እንደሚፈለግ ነገረን... የሽማግሌው መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ። ድምፁን እንኳን ዝቅ አላደረገም። ከዚያ እስክሪብቶ አቀበለኝ። ማታ መጥቶ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሆነን ብንሠራው ቶሎ ያልቃል።

እምቢ አልኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ተቀበልኩት። አራት ፈረምኩ። አምስተኛው ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ክሬግም እትዬም ከሄዱ በኋላ ሚስተር ሬይን ላጥብ ገባሁ። ወረቀቶቹ መጡ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፎጣውን ውሃ ውስጥ ስነክር ከትራሳቸው ሥር አንድ ደብተር አወጡ። በግራ እጃቸው ስማቸውን ሲለማመዱ ከርመዋል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጭረት ናቸው። የመጨረሻው ገጽ ይነበባል።

«ስሜን ፈልጎ የሚገዛ ሰው የኔን እጅ ማግኘት አለበት» አሉኝ።

ዝም ብል ሥራዬ አይነካም ነበር። ግን ደብተሩን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ወረቀቶቹን አመጣሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንድ በአንድ አገላበጡ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ያንቺ የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። አራቱንም።

ወፍራም ማርከር አምጪ አሉኝ። በግራ እጃቸው እያንዳንዱ የተፈረመበት ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩ። እስከ ምሳ ፈጀባቸው፣ ላግዝዎት ስል እጄን ገፉት። ባዶ ከቀረው ላይ አንድ ስቲከር ብቻ ፈረሙ። ጠማማ ነው፣ ግን የሳቸው ነው። ከዚያ ካምፓኒው ጋ አስደወሉኝና በሕይወት እንዳሉ፣ ከአንዷ በቀር የሚመጣ ፊርማ ሁሉ የሳቸው እንዳልሆነ ነገሯቸው።

አመሻሽ ላይ ክሬግ መጥቶ ወረቀቶቹን ሲያይ ወደ እኔ ዞሮ ከሥራ አባርሬሻለሁ አለኝ።

«እሷ ትቆያለች። ቤቱ የኔ ነው» አሉት ሚስተር ሬይ። «አንተ ግን ቁልፉን አስቀምጠህ ውጣ።»

አስቀምጦ ወጣ።

እትዬ ብርቄንም አላባረሯቸውም። እትዬ ግን ሺፍት ስንቀያየር «ያገሬ ልጅ ብዬ ባምንሽ አሳጣሽኝ» ብለውኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

ሚስተር ሬይ ይቅር ብለውኛል... ዓርብ ዕለት የሥራ ሰዓቴን የምሞላበት ታይም ሺት ላይ የገዛ ስሜን ስፈርም ግን የራሴ እጅ ቀፈፈኝ።