ሁለት አፍንጫ ያላሳለፈው በርሜል

በዚያ ቤት ወይን ጠጅ የሚጠመቀው በቤቱ ማሳ ከበቀለ ወይን ብቻ ነበር። ከሌላ ቦታ ዘለላ አይገዛም፣ እርሾም አይጨመርም፤ ጭማቂው በገዛ ራሱ ይፈላል፣ በርሜል ውስጥ ይተኛል፣ ጊዜው ሲደርስም ወደ ትልቁ ገንዳ ይገለበጣል። ከመገልበጡ በፊት ግን እያንዳንዱን በርሜል ሁለት የቤተሰቡ ሰዎች አሽትተው «ይግባ» ማለት ነበረባቸው። የወይን ጥራት መለኪያ የሚባል ዕቃ አባትየው በደጃቸው አላሳለፉም። እሳቸው ካረፉ በኋላም ሥርዓቱ ሳይነካ ቆየ፤ አሽታቾቹ ታላቅ ወንድምና ታናሽ እህት ሆኑ።

በርሜል ሠሪው ሽማግሌ፣ «እናንተ ቤት ጉንፋን የገባ ዕለት አገር ይጠማል!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ጉንፋኑም ገባ። ታላቅየው ታሞ ሲነሣ ጉልበቱ ጠና፣ ሳሉም ለቀቀው፤ የማሽተት ነገር ግን እንደ ወጣ ቀረ። ሽንኩርት ቢያሸት ምንም፣ ወይን ቢያሸት ምንም። ዛሬ ነገ ይመለስልኛል እያለ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በአባቱ ቦታ የቆመ ሰው «ማሽተት አቃተኝ» ብሎ እንዴት ይናገር? እህቱ «ይግባ» ስትል እሱም «ይግባ» ይላል፤ ስታመነታ እሱም ግንባሩን ይቋጥራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ በርሜል አለፈ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሠራተኞቹ ምድር ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ እህቱ ከጥጉ በርሜል ቀድታ አሸተተችና ብርጭቆውን ሰጠችው።

«ዛሬስ አንተ ቅደም፣ ጋሼ። እንደ ጥላ እኔን መከተል አበዛህ!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አቆየና «ይግባ» አለ።

የእህቱ ፈገግታ ጠፋ። «ኧረ ጋሼ፣ ኮምጥጧል እኮ! እስቲ ደግመህ አሽተው።»

ሁሉም ዐይን እሱ ላይ ነበር። «አባባ ያስተማረኝን አንቺ ልታርሚኝ ነው? ትናንት የተወለድሽ! ገልብጡት!»

«እኔ እኮ ይግባ አላልኩም።»

«የኔ ይበቃል!»

በርሜሉ ተገለበጠ። እሷ ሽርጧን ፈትታ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ከወንዙ ማዶ ያለ ወይን ጠማቂ ቀጠራት። ከጥጉ በርሜል የገባው ኮምጣጤም ውሎ አድሮ ገንዳውን በሙሉ አበላሸው።

ያን ጊዜ እሷን ሊመልስ ወንዙን ተሻገረ። በሰው በር ላይ ቆሞ፣ «ከበሽታው ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አላት።

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «ምነው ጋሼ! ከኔ ትደብቃለህ? በጆሮዬ ሹክ ብትለኝ ኖሮ የኔው አፍንጫ ለሁለታችን በበቃ ነበር።»

«አሁንስ አይበቃም? ነይ፣ ቤትሽ ግቢ።»

«አሁንማ የእነዚህ ሰዎች ጭማቂ እየፈላ ነው። በፍላት መሐል ጥሎ መሄድን አባባ አላስተማረንም።» የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ገንዳውን አስከፈተ። የዓመቱ ወይን በቦዩ ሲወርድ ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ፊታቸውን አዞሩ፤ ሳል ያጣደፈውም ወደ ደጅ ሮጠ። እሱ ብቻ ቦዩ ላይ አጎንብሶ፣ ምናልባት ትንሽ ጠረን ብትመጣለት ብሎ፣ አየሩን ደጋግሞ ሳበ።