የእህቴ ክንድ

ታናሽ እህቴ መዓዲ በሚባል ሰፈር አንዲት ግብጻዊት አሮጊት ቤት ትሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ እኔ ወደተከራየሁበት ወደ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ትመጣለች። አንድ ዓርብ ዕቃ ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ በልዞ አየሁት።

«በር ነው» አለችኝ።

በእኛ ሥራ የተመታች ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ!

«ማዳም ናት አይደል?»

«ኧረ አልመታችኝም! ኸላስ፣ በቃ ተዪኝ።»

አላመንኳትም። በማግስቱ ሄጄ አሮጊቷ ላይ ጮኽኩባት። እሷ ግን የደም ምርመራ ወረቀት ይዛ ወጣች። ለካ ሐኪም ቤት ወስዳት ኖሯል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቁጥራቸው ሙሉ ነው ይላል።

«ሌላ ምርመራ ታዟል፤ ሰኞ እንሄዳለን ልጄ» አለች።

«ደሟ ሙሉ ከሆነ ያበለዛት ያንቺ እጅ ነዋ!» አልኩና ወረቀቱን ነጥቄ፣ እህቴን ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ ወጣሁ። ደረጃው ላይ «ታሳዝናለች እኮ፣ ምን አደረገችሽ?» ትለኝ ነበር። የምሬን ነው የምለው፣ ያን ቀን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ መንጋጋዋን አመማት። ራሴ ወስጄ አስነቀልኳት። የጥርስ ሐኪሙ ደም ይፈሳት እንደሆነ ሲጠይቅ ያንኑ ወረቀት ኮራ ብዬ አሳየሁት። ለሕመሙም አስፕሪን ሰጠኋት። ደሙ ግን አልቆም አለ። በጥጥ እየጠቀጠቅኩ ሁለት ቀን ቤት አስቀመጥኳት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በቀስታ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ፕሌትሌት ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ቁስል ጋ ሲደርስ ከረጢቶቹን ይፈታና በውስጣቸው ያለው ነገር ሌሎቹን ይጠራል። የእህቴ ከረጢቶች ከልጅነቷ ጀምሮ ባዶ ነበሩ። ጥሩንባ እንደሌለው የእድር ለፋፊ ማለት ነው። ቁጥሩ ይህን አይናገርም፤ እኔ ያስቀረሁት የሰኞው ምርመራ ነበር የሚናገረው። አስፕሪኑ ደግሞ አባሰው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ማን ይለቅምልኛል?

ጥርሷ በተነቀለ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ነርሷ የእህቴን ልብስ እንዳወልቅ ፈቀደችልኝ። እጅጌዋን ስገልጥ ክንዷ ላይ አራት የበለዙ መስመሮች አየሁ። ሳምንቱን ሙሉ በረጅም እጅጌ ሸፍናቸው ነበር። ንዴቴ መጣ፤ ማን ነው እንዲህ የጨበጣት?

ጣቶቼን አስጠግቼ አስቀመጥኩባቸው። ልክክ አሉ።