ቀይ ጥፍርና የባቄላ ቅጠል

ቢቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅጠል የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ለተማሪዎቼ የማሳየው በጥፍር ቀለም ነው። ቀለሙን ቅጠሉ ጀርባ ላይ እቀባና ሲደርቅ በስኮች ልጬ አነሳዋለሁ፤ የቅጠሉ ቆዳ ከነቀዳዳው ቀለሙ ላይ ታትሞ ይወጣል። ይህን ለማያውቅ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ቀይ የጥፍር ቀለም ተገኘ ማለት ነው።

ያገኙት ደግሞ ራሳቸው መሪጌታው፣ አባቴ ናቸው። ለበዓል ሞጣ፣ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ነበር። ሁልጊዜ የምጠቀምበት ውሃ የሚመስለው ቀለም ከሱቅ ጠፍቶ ቀዩን ገዝቼ ነበር። ስመለስ የመንገድ ዳቦ ሊከቱልኝ ቦርሳዬን ሲከፍቱ ብልቃጡን አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሁልጊዜ ስለያቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይመርቁኛል። የዚያን ቀን «በሰላም ግቢ» ብቻ አሉኝ።

ለክፍል ሥራ ነው ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ በማን ወጥቼ! አኩርፌ መኪና ተሳፈርኩ፣ ቤቴ ስገባ አለቀስኩ። ያለ አባቴ ምርቃት ተለይቻቸው አላውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ለዘመድ ተዝካር ቢቸና መጡ። «የማሳይዎት ነገር አለ» ብዬ ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው። ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ በጣሳ የዘራሁት ባቄላ አለ። ከታች ያለውን የጠነከረ ቅጠል ቀብቼ፣ ልጬ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጎነበሱ።

«አፍ ነው!» አሉ። «ከነከንፈሩ! ይህ ሁሉ አፍ አብሮት ተወለደ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ገና ተዘርግቶ ያላለቀውን ለጋ ቅጠል አሳየኋቸውና «ራስዎ ይቅቡት» ብዬ ብሩሹን ሰጠኋቸው። ከቅጠሉ ይልቅ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተቀባ። ሁለታችንም ሳቅን።

ለጋው ላይ የተከፈተው አፍ ጥቂት ነው። አንዱ ህዋስ ለሁለት ይከፈላል፤ መንትዮቹ ጎን ለጎን ያድጉና መሐላቸው ሲላቀቅ ቀዳዳው ይከፈታል። እዚያው ለጋው ላይ ተከፍለው ገና ያልተላቀቁ መንትዮች አሳየኋቸው። አንዱ አፍ ሊሆን ሲጀምር አጠገቡ ያሉትን «እዚህ እኔ አለሁ» እንደማለት መልእክት ይልክባቸዋል፤ ስለዚህ ሁለት አፍ ተጣብቆ አይወጣም አልኳቸው።

«ተራ ያውቃሉ በይኛ! እኛ ማኅሌት ቆመን እንኳ እንጋፋለን።» ከዚያ ብልቃጡን አነሱት። «ያን ቀን የያዝሽው ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ቅጠል እንኳ ይህን ያህል አፍ አለው። አንቺ ያለሽን አንድ አፍ ምን ያዘው?»

«እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ።

ቀለሙን ከጥፍራቸው ላስለቅቅላቸው ስል «መኪናው ያመልጠኛል፣ ተይው» አሉኝ። መናኸሪያው ውስጥ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ ረዳቱ «አባ፣ እንሂድ እንጂ!» እስኪል ድረስ መረቁኝ። እፎይ አልኩ።

እሑድ እናቴ ደወለች። «አባትሽን ምን አደረግሽብኝ? በቀይ ጥፍር ማኅሌት ቆመው አደሩኮ! ሰው ሁሉ ሲጠይቃቸው ነበር።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ምን ይላሉ! ‹ከልጄ ጋር ሥራ ላይ ነበርኩ› ይላሉ።»