ቁልፉን ይዞ የተኛው ሥራ

ጄሮቲች ቁጭ ብላ ማሰብ አትችልም። ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ላይ ባለው የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል አብረን ስንሠራ ኮድ የምትጽፈው ግማሹን ቆማ፣ ግማሹን በመስኮቱና በበሩ መካከል እየተመላለሰች ነበር።

የጻፈችው ፕሮግራም ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሠራል፤ ከፊት ጥሪ ይቀበላል፣ ከጀርባ የትኛው አምቡላንስ የት እንዳለ የሚያሳየውን መዝገብ ያድሳል። ጥሪ ሲበዛ የጀርባውን ሥራ ገታ የሚያደርግ ‹ቆይ› የሚል ምልክት ስክሪኑ ላይ አስቀምጣለች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ቲካ መንገድ ላይ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ማታቱ፣ ተገለበጠ። ስልኩ ጎረፈ። የጥሪ ክፍሏ አንጋፋ ማማ ናፉላ ‹ቆይ›ን ተጫኑ። ስክሪኑ ድርቅ አለ።

"አንቺ ልጅ! ይሄ ነገርሽ ሞተ እኮ!"

"አልሞተም ማማ፣ ትንሽ ይታገሡት።"

"ደሙ የሚፈሰው ሰውዬ ይታገሣል?"

ሬዲዮውን አነሡና ሾፌሮቹን በየስማቸው እየጠሩ አሰማሯቸው። ተጎጂዎቹ ሁሉ በሕይወት ሆስፒታል ደረሱ።

ጄሮቲች ያን ቀን የምሳ ኡጋሊዋን አልነካችም። "ማንም አልሞተም እኮ" አልኳት።

"አልሞተም ማለት መልስ ነው እንዴ?" ብላ ጮኸችብኝ።

የደረቀበትን ምክንያት በማግስቱ ደረሰችበት። ‹ቆይ› ሲባል የጀርባው ሥራ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀጥ ያለው ሲያድስ ሌላ እንዳይነካው መዝገቡን ቆልፎ ሳለ ነበር። የፊተኛው ሥራ መዝገቡ እስኪከፈትለት ሲጠብቅ ሁሉም ቆመ።

"ከውጭ አንቄ አቆምኩት" አለችኝ። "ራሱ ነበር መቆም ያለበት።"

እንደገና ጻፈችው። አሁን አንድ መስመር ባደሰ ቁጥር ‹ቆይ ተብያለሁ ወይ?› ብሎ ያያል፤ ከተባለ መዝገቡን ለቆ ይተኛል፤ ‹ቀጥል› ሲባል ካቆመበት ይነሣል። ስትሞክረው ግን አንዳንዴ ተኝቶ ይቀር ነበር። ሥራው ‹ቆይ› መባሉን አይቶ ገና ሳይተኛ ‹ቀጥል› የሚለው ትእዛዝ በመሃል ከመጣ ያመልጠዋል። ማየቱና መተኛቱ በመሃል ምንም እንዳይገባባቸው አድርጋ አያያዘቻቸው።

ዓርብ ማማ ናፉላን ጠራቻቸው። "ይጫኑት፣ እስኪሰለችዎ።"

በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚያቸውን እየገመጡ አርባ ጊዜ ያህል ተጫኑት። "እምቢ አለኝ! አልሞትም አለ!" ብለው ሳቁ። ጄሮቲች አልሳቀችም።

የታረመው ፕሮግራም ሰኞ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ደርቆ አያውቅም። እሷ ግን የሚጠብቀውን ሰው ድምፅ ራሴ ልስማ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጥሪ ልቀበል ብላ አለቃችንን ለመነች፤ ፈቀደላት። የመጀመሪያዋ ደዋይ ከካዮሌ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ጄሮቲች ከወንበሯ ሳትነሣ "ካዮሌ የት ጋ ነሽ? ስልኩን አትዝጊብኝ፣ እህቴ" አለቻት።