«ለጋብቻ ነው?»

ወረታ ላይ ኤችአይቪ ልመርመር የሚል ጎረምሳ ሙሽራ ነው። ለሠርግ የምርመራ ወረቀት ስለሚጠየቅ፣ ጤነኛ ሰው ሌላ ምን ፈልጎ ጣቱን እንደሚያስወጋ ለማንም አይገባውም። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ከደሴ ተዛውሬ በመጣሁ ማግስት ጤና ጣቢያ የገባሁት።

«ለጋብቻ ነው?» አሉኝ ነርሷ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት።

እኔ የምወደው ወንድ ነው። ይህ ቢሰማ ሥራዬንም ቤቴንም አጥቼ እስር ቤት እገባለሁ። ስለዚህ «አዎ» አልኩ።

«እሰይ! የት አገር ልጅ ናት?»

«የቁሐር ሚካኤል።»

በየጊዜው መመርመር እንዳለብኝ አንብቤ ስለነበር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለስኩ። ሲስተር ያንኑ ጠየቁኝ። እኔ የፊተኛዋን ረስቼ «አዎ፣ የአዲስ ዘመን ልጅ ናት» አልኩ።

«የቁሐር ሚካኤሏስ?»

«እሷማ… በክረምቱ የአገሯ ሜዳ ውሃ ሞላና መንገዱ ተቆረጠ።»

«ክረምት ያፈረሰው ጋብቻ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ደግሜ ስሄድ የጤና ጣቢያው ዘበኛ መመላለሴን ለአከራዬ ለእትዬ ነገራቸው። እትዬ ተጨነቁ። «ልጄ፣ ያጨሃት ሁሉ እየጣለችህ ነው አሉ። ይኼ ትዳር የሚዘጋ አይነ ጥላ ነው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ትገባለህ! አብሬህ እሄዳለሁ፣ እኔም ጉልበቴን ልዘፍዝፈው።»

ማን እትዬን እምቢ ይላል? ሄድን። እንደ ድንች ተቀቅዬ ከወንዶቹ መታጠቢያ ስወጣ፣ እትዬ ከአንዲት ሴት ጋር ተቀምጠው ያወራሉ። ጠጋ ስል ሲስተር ናቸው፤ ለወገብ ሕመማቸው መጥተው።

«ሲስተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ለዚህ ልጅ ምን ይሻለዋል?» አሉ እትዬ።

ሲስተር አተኩረው አዩኝ። «እትዬ፣ ፎጣዬን መታጠቢያው ውስጥ ረሳሁት መሰለኝ፣ እስቲ ይዩልኝ።» እትዬ ፈንጠር እንዳሉ ሲስተር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሙሽሪት የለችም፣ አይደል?»

«የለችም።»

«ሙሽራስ አለ?»

ፍል ውሃው ያላወጣውን ላብ ይህች ጥያቄ አወጣችው። ልዋሽ ፈለግሁ፤ ግን የምጠራው አገር አልቆብኝ ነበር። «አለ» አልኩ።

ሲስተር እርጥብ ፀጉራቸውን ጨመቁ።

«ነፍስህ የነፍስ አባትህ ጉዳይ ናት» አሉ። «ደምህ ግን የእኔ ነው። እኔ ስለ ሠርግ ስጠይቅህ፣ አንተ የሚያስፈልግህን ሳትጠይቅ ትሄዳለህ። እኮ ቫይረሱ እንዳይዝህ የሚዋጥ ኪኒን አለ! ሙሽራውንም ይዘኸው ና። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሲሳሳ።»

ስንመለስ እትዬ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቴን አይተው «በራልህ! ለቆሃል!» እያሉ አመሰገኑ።

ወዳጄ ሸማኔ ነው፤ ትከሻው የበር ስፋት የሚያህል። ተመርምሮ አያውቅም፤ ለምኜ ወሰድኩት። ሲስተር መርፌውን ገና ከማሸጊያው ሲያወጡ መሬት ላይ ተዘረረ።

«ይኼን ግንድ አሁን ማን ያነሳዋል?» እያሉ ስኳር በጠበጡለት። ነቃ ሲል እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ሲስተር ፊት አፍሬ እጄን ላስለቅቅ ስል ተቆጡኝ፦ «ያዘው እንጂ! ደግሞ ሊወድቅብኝ ነው?»

እንደተያያዝን ውጤቱን ጠበቅን። ሁለታችንም ነፃ ነበርን፤ ኪኒኑንም ጀመርን። እሱ ግን ራሱን ስቶ እንደወደቀ እስከ ዛሬ አያምንም። ትንሽ ጋደም ብዬ ነበር ነው የሚለው።